ደመወዝ የሚደጉመው ጊታር፦ መድረክ፣ ዕቃና መደበኛ ሥራ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ

ማታ መድረክ ላይ ጊታር ይዞ የምናየው ሰው በማግሥቱ ጠዋት መምህር፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ ወይም ሾፌር ሆኖ በሥራ ገበታው ላይ ይገኛል። ይህ ኑሮ የጀማሪዎች መሸጋገሪያ ብቻ አይደለም፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት የተጫወቱ፣ ባልደረቦቻቸው የሚያከብሯቸው፣ አንድን ዘፈን አንዴ ሰምተው የሚይዙ ሙያተኞችም በዚሁ መንገድ ይኖራሉ። ሆኖም ስለ ጊታሪስቶች ሲወራ መደበኛ ሥራ የሚነሣው እንደ ውድቀት ምልክት፣ ቢሻል ደግሞ ዕድል እስኪመጣ ድረስ የሚታለፍ መከራ ተደርጎ ነው። በእኔ እምነት ግን ነገሩን ከሥሩ ስንመለከተው ሌላ ሐቅ እናገኛለን። የብዙው የቀጥታ ሙዚቃ ትልቁ ደጋፊ ስፖንሰሩ፣ የመዝናኛ ቤቱ ባለቤት ወይም ትኬት ገዢው ሳይሆን፣ ሙዚቀኛው ራሱ ከሌላ ቦታ የሚያገኘው ደመወዝ ነው። ይህ ድጎማ በየትኛውም መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር ዕዳው በተጫዋቹ ኪስ፣ እንቅልፍና ጆሮ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያም አልፎ የሌሎች ሙዚቀኞችን ክፍያ ሳይታወቅ ዝቅ አድርጎ ይይዛል።

ክፍያው ለምን አያድግም?

የችግሩን ሥር ኢኮኖሚስቶቹ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን እ.ኤ.አ. በ1966 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተሙት ጥናት በግልጽ አሳይተውታል። በፋብሪካና በእርሻ አንድ ሠራተኛ በአንድ ሰዓት የሚያመርተው መጠን በማሽንና በዕውቀት እየታገዘ ከዓመት ዓመት ይጨምራል፤ ደመወዝም ከዚህ ጋር ሊያድግ ይችላል። ሙዚቃን በቀጥታ ማቅረብ ግን እንዲህ አይደለም። አምስት ሰዎች ለግማሽ ሰዓት የሚጫወቱት ሥራ ከመቶ ዓመት በፊት ሁለት ሰዓት ተኩል የሰው ጉልበት ይፈልግ እንደነበረ ዛሬም ያንኑ ይፈልጋል፤ በፍጥነት ቢጫወቱት ወይም አንድ ሰው ቢቀንሱለት ሌላ ሥራ ይሆናል። የሙዚቀኛው የቤት ኪራይ፣ የመጓጓዣና የሕክምና ወጪ ግን ምርታማነቱ ካደገው ዓለም ጋር አብሮ ይወጣል። ይህ ክፍተት በአንድ መንገድ መሞላት አለበት፤ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች በመንግሥት ድጋፍና በለጋሾች ይሞሉታል፣ የምሽት ባንድ ጊታሪስት ግን በደመወዙ ይሞላዋል።

የተቀረጸ ሙዚቃ ክፍተቱን ይሸፍናል የሚለው ተስፋም ለመካከለኛው ተጫዋች ብዙም አልሠራም። በኢንተርኔት ማዳመጫ አገልግሎቶች የሚገኘው ገቢ በአንድ ማዳመጥ ሲሰላ እጅግ ጥቂት ከመሆኑም በላይ፣ ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ከ1,000 ጊዜ በታች ለተደመጠ ሙዚቃ የቅጂ ገቢ መክፈል አቁሟል። ደግሞም በሌላ ሰው ዘፈን ላይ ጊታር የተጫወተ ባለሙያ በአብዛኛው የሚያገኘው የስቱዲዮውን የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው፤ ዘፈኑ በኋላ ቢሳካም ባይሳካም ለእርሱ ኪስ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ የጊታሪስቱ ገበያ እንደ ድሮው በአካል ተገኝቶ የሚጫወትበት መድረክ ሆኖ ቀጥሏል።

የሦስት ሰዓቱ ሥራ ስንት ሰዓት ነው?

አንድ የባንድ መሪ ደውሎ «ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው፣ ትመጣለህ?» ሲል የተጫዋቹ አእምሮ ክፍያውን ወዲያው ለሦስት ሰዓት ያካፍላል። ስሌቱ ሲካፈል ደስ ያሰኛል፤ ከመደበኛው ሥራ የሰዓት ክፍያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥበት ጊዜም አለ። እውነተኛው ቆጠራ ግን ሌላ ነው። ዕቃ ሰብስቦ ለመጫን ግማሽ ሰዓት፣ ለመሄድ አንድ ሰዓት፣ መድረክ ለመደርደርና ለሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት ለሚደረገው የድምፅ ፍተሻ) አንድ ሰዓት ተኩል፣ እንግዳ እስኪገባና ፕሮግራሙ እስኪጀመር ለመጠበቅ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመጫወት ሦስት ሰዓት፣ ለመፍታትና ለመጫን ግማሽ ሰዓት፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት ብንል፣ ተጫዋቹ ዘጠኝ ሰዓት ከቤቱ ርቋል ማለት ነው። በዚህ ላይ መሪው የላከው የዘፈን ዝርዝር አምስት አዲስ ዘፈን ካለውና እያንዳንዱን ለማጥናት አንድ ሰዓት ከፈጀ፣ ሥራው አሥራ አራት ሰዓት ሆነ። የሰዓቱ ክፍያ መጀመሪያ ከታሰበው ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ወረደ ማለት ነው፤ ነዳጅ፣ የመኪና ማቆሚያና ክር ገና አልተቀነሱም።

ይህን ቆጠራ የምሠራው ሰውን ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ሒሳቡን የሚያውቅ ተጫዋች ሁለት ሥራዎችን አስተያይቶ መምረጥ ይችላል፤ የማያውቀው ግን በወረቀት ላይ ትልቅ ለሚመስለው ክፍያ ይሮጣል። ከቤቱ ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ያለ፣ ድምፅ ማጉያው የተዘረጋ፣ የዘፈን ዝርዝሩ የሚታወቅ፣ በየሳምንቱ የሚደጋገም አነስተኛ ሥራ፣ በሩቅ ከተማ ካለ አንድ ትልቅ ዝግጅት የተሻለ የሰዓት ክፍያ የሚያስገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ለደመወዝተኛው ጊታሪስት በተለይ የሚደጋገም ሥራ ሌላ ዋጋ አለው፤ የጥናት ጊዜው አንዴ ወጥቶ ለብዙ ምሽት ያገለግላል፣ የቤተሰቡና የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራምም አስቀድሞ ሊያውቀውና ሊላመደው ይችላል።

ልምምድን በተመለከተ መናገር የምፈልገው አጭር ነው። ከስምንት ሰዓት ሥራ በኋላ የሚገኘው ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ትልቁ ስህተት እጅ የሚያውቀውን ደጋግሞ መጫወት ነው። አርባ ደቂቃ ብቻ ካለ፣ በሚቀጥለው ሥራ ላይ ሊያሰናክል የሚችለውን አንድ መግቢያ፣ አንድ መሸጋገሪያ ወይም አንድ የኮርድ ለውጥ በዝግታ ማጥናት፣ የሚወዱትን ሶሎ ለመቶኛ ጊዜ ከመጫወት ይሻላል። ኮርዶቹን በራስ እጅ በወረቀት አስፍሮ ማስቀመጥም ከስድስት ወር በኋላ ያው ዘፈን ሲጠየቅ የሰዓታት ጥናት ያተርፋል።

ዕቃው

ገንዘብ በዝምታ የሚያልቀው ዕቃ ላይ ነው፤ ደመወዝ ባለበት ቤት ደግሞ ይበልጥ ያልቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሙዚቃ ብቻ የሚኖር ተጫዋች አዲስ ፔዳል (በእግር የሚረገጥ የጊታር ድምፅ መለወጫ) ለመግዛት ሲያስብ ከቤት ኪራዩ ጋር ማመዛዘን ግድ ይለዋል፤ ደመወዝተኛው ግን የወሩ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ይገባለታል፣ ለልምምድ ግን ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ ያጣውን ጊዜ በዕቃ ለማካካስ ይፈተናል። የመግዛት ደስታ የመጫወትን ቦታ ሲይዝ ክፍሉ በዕቃ ይሞላል እንጂ እጁ አይሻሻልም። ይህን ብዙ ጥሩ ተጫዋቾች ላይ አይቻለሁ፤ የሚያሳዝነው ነገር የሰዎቹ ፍቅር እውነተኛ መሆኑ ነው።

መውጫው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ዕቃን በደመወዝ ሳይሆን በመድረክ ገቢ መለካት ነው። አንድ አምፕሊፋየር (የጊታር ድምፅ ማጉያ) የሃያ ሥራ ክፍያ ያህል ያወጣል እንበል። ተጫዋቹ በወር ሁለት ሥራ ካለውና ከእያንዳንዱ ክፍያ ሩቡን ብቻ ለዕቃ ቢመድብ፣ ያን አምፕሊፋየር ሙሉ በሙሉ ከመድረክ ገቢ ለመግዛት አርባ ወር ይፈጅበታል። ይህ ስሌት ለአንዳንዱ «እንግዲያው አያስፈልገኝም» የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ ለሌላው ደግሞ «እየወደድሁት ነው የምገዛው፣ ከመዝናኛ ወጪዬ ላይ ይቀነስ» የሚል ግልጽ ውሳኔ ያመጣለታል። ሁለቱም ጤናማ ናቸው። አደገኛው ለፍላጎት የተገዛን ዕቃ «የሥራ ዕቃ ነው» ብሎ ራስንም ቤተሰብንም ማሳመን ነው።

ዕቃዎች ሁሉ ደግሞ በአንድ ዓይነት አያረጁም። የኤሌክትሪክ ጊታር ቅርጽና አሠራር ከ1950ዎቹ ወዲህ በመሠረቱ ብዙ አልተለወጠም፤ የፌንደር ቴሌካስተር፣ በ1952 የወጣው የጊብሰን ሌስ ፖል፣ በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር ዛሬም ከመጀመሪያ ቅርጻቸው ብዙም ሳይርቁ ይመረታሉ። ስለዚህ ጥሩ ጊታር በአሥር ዓመት ውስጥ ጊዜ አያልፍበትም፤ ያገለገለ ቢገዛም፣ በደንብ ከተያዘ፣ ሲሸጥ ከዋጋው ብዙ አይጎድልም። የዲጂታል ዕቃ ግን የኮምፒውተር ዕድሜ ነው ያለው። የአምፕሊፋየርን ድምፅ በዲጂታል መንገድ የሚያስመስሉት፣ በ1998 የወጣው የላይን ሲክስ ፖድና በ2011 የመጣው ኬምፐር ፕሮፋይለር፣ በየዘመናቸው ነገሩን የቀየሩ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የዚህ ዓይነት ዕቃ አዲስ ትውልድ በወጣ ቁጥር የቀድሞው ዋጋ በፍጥነት ይወርዳል። ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው፦ ጊታሩን ለረጅም ዘመን ታስቦ መግዛት፣ ዲጂታሉን ግን ዛሬ ለሚሠራው ሥራ ብቻ መግዛት።

ይህን ካልሁ በኋላ ዲጂታሉ ለሁለት ሥራ ሰው ያደረገውን ውለታ መካድ አልችልም። ትልቅ ባለ ቲዩብ (በመስታወት የኤሌክትሮን ቱቦ የሚሠራ) አምፕሊፋየር፣ ለምሳሌ የፌንደር ትዊን ሪቨርብ፣ ወደ 29 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ያንን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ደረጃ ላይ ተሸክሞ ወጥቶ በጠዋት ሥራ መግባት ወገብ የሚያስከፍል ጉዳይ ነው። በቦርሳ የሚያዝ ዲጂታል መሣሪያ በቀጥታ ወደ ድምፅ ማቀናበሪያው ይገባል፣ መደርደሪያ ጊዜውን ያሳጥራል፣ በየምሽቱ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። ከሁሉም በላይ ልጆች ከተኙ በኋላ በጆሮ ማዳመጫ መለማመድ ያስችላል። ቲዩብ የሚወዱትም ሌላ ሥጋት አለባቸው፤ የጊታር አምፕሊፋየር ቲዩብ ዛሬ በዋናነት የሚመረተው በሩሲያ፣ በቻይናና በስሎቫኪያ ባሉ ጥቂት ፋብሪካዎች ስለሆነ፣ በመጋቢት 2022 ሩሲያ የውጭ ንግድ ገደብ ስታወጣ አቅርቦቱ ተናግቶ ዋጋው ወዲያው ንሯል። የዲጂታሉ ድክመት ደግሞ ሁሉንም ነገር በአንድ ሳጥን ውስጥ ማኖሩ ነው፤ ሳጥኑ ከሞተ አምፕሊፋየሩም፣ ፔዳሉም፣ መቃኛውም አብረው ይሞታሉ። ስለዚህ በጊታር ቦርሳ ኪስ ውስጥ የምትገባ አንዲት ትንሽ መጠባበቂያ መያዝ ቅንጦት አይደለም።

ምሽትን የሚያበላሹት ግን ብዙውን ጊዜ ትልልቆቹ ዕቃዎች አይደሉም። ውስጡ የተበጠሰ ኬብል፣ ያለቀ የ9 ቮልት ባትሪ፣ የተቃጠለ ፊውዝ፣ የተበጠሰ ክር፣ የላላ የጊታር መሰኪያ፣ የጠፋ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ናቸው። ለእነዚህ መጠባበቂያ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ፔዳል ዋጋ ያነሰ ሆኖ፣ የሚያድነው ስም ግን ከሁሉም ይበልጣል። ኬብል መበየድ፣ የጊታሩን አንገት ቀጥታ ማስተካከል፣ የክር ከፍታና ቅኝት ማረም መማርም በጥቂት ቀን የሚያዝ ችሎታ ነው፤ ለባለሙያ የሚተወው የፍሬት (በአንገቱ ላይ የተተከሉት የብረት ዘንጎች) መለወጥና የኤሌክትሮኒክስ ከባድ ጥገና ብቻ ሊሆን ይችላል። በአምፕሊፋየር ውስጥ ግን ከመሰኪያው ከተነቀለ በኋላም ለሞት የሚያበቃ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ስለሚችል ያልሠለጠነ ሰው እጁን ማስገባት የለበትም። በብዙ ቦታ መደበኛ የቤት ኢንሹራንስ ክፍያ ለሚገኝበት ሥራ የሚውልን መሣሪያ እንደማይሸፍንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ብዙዎች የሚያውቁት ዕቃው ከተሰረቀ በኋላ ነው።

አካሉ የሚከፍለው

ስለ ሁለት ሥራ ሲወራ ከሁሉም በላይ የሚረሳው ጆሮና እጅ ናቸው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በሚመክረው ልክ ሰው በቀን ውስጥ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ድምፅ ባለበት መቆየት የሚገባው እስከ ስምንት ሰዓት ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዴሲቤል አራት ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት፣ በ100 ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ከድራም አጠገብ የሚቆም ጊታሪስት ወደ መቶ የሚጠጋ ድምፅ ውስጥ ለሰዓታት መቆየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ ላይ የመደበኛ ሥራው ጉዳይ ይገባል፤ ጆሮ የቀኑንና የማታውን ድምፅ ለይቶ አይቆጥርም፤ ሁለቱንም ይደምራል። በጋራዥ፣ በግንባታ ቦታ ወይም በማሽን መካከል የሚውል ሰው የቀኑን ልክ ጨርሶ ነው መድረክ ላይ የሚወጣው። ለሙዚቀኛ የተሠሩ፣ ድምፁን ሳያፍኑ በሁሉም ድግግሞሽ፣ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ድምፅ፣ ላይ በእኩል የሚቀንሱ የጆሮ መሰኪያዎች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ገበያ ላይ አሉ። ከጊታር ፔዳል ሁሉ በፊት ሊገዛ የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተጎዳ የጆሮ ሴል ተመልሶ አይበቅልምና።

እጅም እንዲሁ ነው። ቀኑን ሙሉ በኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ የዋለ የእጅ አንጓ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ኮርድ ሲጨብጥ ያው ጅማት ነው የሚሠራው። የሚነዝር ጣት፣ ጠዋት የሚደርቅ እጅ፣ ከመጫወት በኋላ ሳይለቅ የሚቆይ ሕመም ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች እንጂ «በልምምድ የሚለቅቁ» አይደሉም። በጉልበትና በማሽን ሥራ ላይ ያሉት ደግሞ የአደጋ ሥጋት አለባቸው። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የብላክ ሳባት ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ፣ ሊለቅቅ ባሰበበት የመጨረሻ ቀን፣ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት፤ ግራኝ በመሆኑ ክሩን የሚጫነው በዚያው እጅ ነበር። ከቀለጠ ፕላስቲክ የጣት ክዳን ሠርቶ፣ ቀጫጭን ክር መርጦ፣ በኋላም ጊታሩን ዝቅ አድርጎ እየቃኘ ቀጠለ፤ ያ መፍትሔ የአንድ የሙዚቃ ዓይነት መለያ ድምፅ ሆነ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የጽናት ምሳሌ ተደርጎ ይነገራል፣ ነውም፤ ነገር ግን ጣቱን ለሁለት ሥራ የሚያውል ሰው ጓንት ማድረግና የማሽን መከላከያን ማክበር የሙዚቃ ሥራው አካል መሆኑንም ይናገራል።

ከሥራ በኋላ እንቅልፍ ቶሎ አይመጣም። መድረክ ላይ የነቃ ሰውነት ቤት እንደገባ አይበርድም፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቤት የደረሰ ተጫዋች 9 ሰዓት ላይ ቢተኛና ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ቢነሣ ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የተኛው። እንዲህ ያለ ሌሊት አንድ ጊዜ ይቻላል፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ግን መደበኛ ሥራውም ሙዚቃውም ይበላሻል፣ ሰውየውም ከሁለት ያጣ ይሆናል። እንቅልፍ ተጭኖት ሌሊት መኪና መንዳት ደግሞ ከመጠጥ የማይተናነስ አደጋ ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ሥራ ያለበትን ምሽትና የሌለበትን ምሽት በአንድ ዋጋ መቀበል ትክክል አይመስለኝም፤ የሥራ ዋዜማ ምሽት የበለጠ ሊከፈልበት ወይም ቀደም ብሎ ሊያልቅ ይገባል።

የትኛው መደበኛ ሥራ?

የጃዝ ጊታሪስቱ ዌስ ሞንትጎመሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ለሪቨርሳይድ የሙዚቃ ቅጂ ኩባንያ መቅዳት ከመጀመሩ በፊት ለዓመታት ቀን ፋብሪካ እየዋለ ማታ ማታ በኢንዲያናፖሊስ ክለቦች ይጫወት ነበር፤ የሚያስተዳድረው ብዙ ቤተሰብ ነበረው። እንደሚነገረው በፒክ (ክር በሚመታበት ትንሽ ስስ ቁራጭ) ፋንታ በአውራ ጣቱ መጫወት የለመደው ሌሊት ሲለማመድ ጎረቤት እንዳይረብሽ ብሎ ነው፤ ዓለም ያወቀው ያ ለስላሳ ድምፅ የሁለት ሥራ ሰው ኑሮ ያስገደደው ብልሃት ነበር። የእርሱን ታሪክ የማነሣው እንደ እርሱ ድካምን ተሸከሙ ለማለት አይደለም፤ በ45 ዓመቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም መሞቱን ስለማውቅ እንዲህ ያለ ምክር መስጠት አልደፍርም። የማነሣው፣ መደበኛ ሥራ ያለው ሰው «ግማሽ ሙዚቀኛ» ነው የሚለውን ንቀት ለመመለስ ነው።

ሥራ ለመምረጥ ዕድል ያለው ሰው ከደመወዙ መጠን ይልቅ ሦስት ነገር ቢመለከት ይጠቅመዋል፦ ሰዓቱ አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑን፣ አእምሮና እጅን አሟጥጦ የማይጨርስ መሆኑን፣ እንዲሁም ፈቃድ በአጭር ማስታወቂያ ማግኘት መቻሉን። ጊታር ማስተማር ለብዙዎች የሚስማማው በዚህ ነው፤ ነገር ግን ተማሪዎች የሚመጡት ከትምህርትና ከሥራ በኋላ፣ ማለትም ሳውንድ ቼክ በሚደረግበት ሰዓት መሆኑ ያልታሰበ ግጭት ይፈጥራል። በፈረቃ የሚሠሩ ደግሞ ቀን ነፃ ቢሆኑም የሚቀጥለው ወር ፕሮግራማቸው ስለማይታወቅ ሥራ ለመቀበል ይቸገራሉ። በደመወዝ ዝቅ ያለ ሆኖ ሰዓቱ የጸና ሥራ ብዙ ጊዜ የተሻለ የሙዚቃ ሕይወት ይሰጣል። የቅጥር ውልንም ማንበብ ተገቢ ነው፤ አንዳንዱ ውል ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራትን ያለፈቃድ ይከለክላል። ለአለቃ አስቀድሞ መናገር የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ሰኞ ጠዋት በቀላ ዓይን ከመታወቅ በፊት በራስ አንደበት መናገር ይሻላል።

በመድረክ በኩል ያለው ግዴታም ከዚህ አያንስም። የባንድ መሪ ለሁለት ሥራ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር ነው፦ በመጨረሻ ሰዓት «ከሥራ አልወጣሁም» የሚል ስልክ። ይህን ፍርሃት የሚያስወግደው ችሎታ ሳይሆን ዝግጁ ተተኪ ነው። ዘፈኖቹን የሚያውቁ፣ በቁመናም በሰዓት አክባሪነትም የማያሳፍሩ ሁለት ወይም ሦስት ጊታሪስቶችን ማወቅ፣ ኮርዶቹን ጽፎ ለእነርሱ ማስቀመጥ፣ እነርሱም ሲቸገሩ ደርሶ መተካት፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ካሉት ሀብቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ተተኪ ልኮ ቦታውን ያጣ ተጫዋች መኖሩ እውነት ነው፤ ሳይልክ ቀርቶ ቦታውን ያጣው ግን በቁጥር እጅግ ይበልጣል።

ዝቅተኛውን ዋጋ የሚያወርደው ማነው?

ወደ ጉዳዩ እምብርት ደረስን። ደመወዝ ያለው ጊታሪስት በርካሽ መጫወት ይችላል፤ ስለሚወደው ደግሞ ይጫወታል። የመዝናኛ ቤቱ ባለቤት ግን ሁለት ዓይነት ሙዚቀኛ አለ ብሎ አይለይም፤ አንዱ በግማሽ ዋጋ ከመጣ ለሌላውም ዋጋው ያ ነው። በዚህ መንገድ ደመወዝተኛው በፍቅር የሰጠው ቅናሽ ጊታር ብቻ ያለውን ባልደረባውን ከገበያ ያስወጣል፤ ያ ባልደረባም በተራው መደበኛ ሥራ ይፈልጋል፣ እርሱም ከቀን ወደ ቀን በርካሽ መጫወት ይጀምራል። ክፍያው ለዓመታት ባለበት የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ይህ ዙር ነው፤ ባውሞልና ቦወን ያሳዩት ክፍተት ባለበት ላይ እኛው ራሳችን እየቆፈርን እናሰፋዋለን።

ነገሩ ድሮም የታወቀ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1893 ማንቸስተር ላይ የተመሠረተው የሙዚቀኞች ማኅበር በሙዚቃ ብቻ የሚተዳደሩትን ብቻ ሳይሆን ሌላ ሥራ ያላቸውንም በአባልነት ይቀበል ነበር፤ ሐሳቡም ግልጽ ነው፣ ከውጭ የሚቀር ተጫዋች ዋጋ ይሰብራል፣ ከውስጥ የገባ ግን ዋጋውን ይጠብቃል። በ1896 የተቋቋመው የአሜሪካ ሙዚቀኞች ፌዴሬሽንም በየአካባቢው ዝቅተኛ ክፍያ እየወሰነ ኖሯል። ማኅበር በሌለበት ወይም በደከመበት ቦታ ይህ ሥራ በግለሰቦች ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ከእነርሱም መካከል አቅሙ ያለው፣ ለነገ ምግቡ የማይሠጋው ደመወዝተኛው ነው። «አይሆንም» ለማለት ቅንጦቱ ያለው እርሱ ነው። በነፃ መጫወት ከፈለገ ለበጎ አድራጎት፣ ለወዳጅ፣ ለራሱ ሙዚቃ ይጫወት፤ ትርፍ ለሚያገኝ ቤት ሲጫወት ግን ለሙያው የሚገባውን ዋጋ መጠየቁ ለጓደኛው የሚያደርገው ውለታ ነው።

ይህ በተግባር ሲታይ ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት የሚነሡ ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው። ስንት ሰዓት ድረስ ነው፣ ከዚያ ካለፈ የትርፍ ሰዓቱ ስንት ይከፈላል? መቼ መድረስ ይጠበቅብኛል? ድምፅ ማጉያ አለ ወይስ እኛ እናመጣለን? ክፍያው የሚሰጠው በዚያው ምሽት ነው ወይስ ከሳምንታት በኋላ? ዝግጅቱ በዋዜማው ቢሰረዝ ከክፍያው ምን ያህሉ ይከፈላል? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙዎች ማንሣት ያፍራሉ፤ ነገር ግን ተጫዋቹ ለዚያ ቀን ፈቃድ ጠይቆ፣ ሌላ ሥራ መልሶ፣ ዘፈን አጥንቶ ሊሆን ይችላል። የስምምነቱን ነጥቦች በዚያው ቀን በአጭር የስልክ መልእክት ጽፎ ለጠሪው መላክና «ትክክል ነው» የሚል መልስ መቀበል ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ መልሱ ካልመጣ ያ ምሽት ገና አልተያዘም፣ ተጫዋቹም ሌላ ጥሪ ለመቀበል ነፃ ነው።